እንግዳ ያልጠበቀ እግር

የእግር ድጋፎቹ ተሠርተው ካለቁ ቆይተዋል። ማለቃቸውን የማያውቅ የለም። እግራቸው ለሚያስቸግራቸው ልጆች በተቋቋመው ማዕከል፣ በኃላፊዋ ቢሮ ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በዋንጫዎቹና በምስክር ወረቀቶቹ መሃል፣ ጥንድ ሆነው ቆመዋል፤ ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፣ ባትን ከኋላ አቅፈው፣ በተረከዝ ዞረው፣ ከእግር ጣቶች ሥር የሚያልቁ። ማሰሪያቸው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን የመረጠችው ባለቤታቸው ናት። ባለቤታቸው ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቡ ግን «አለቃ» ይላታል፤ መራመድ ስለሚከብዳት ከተቀመጠችበት ሆና ሰውን ሁሉ ታዛለችና።

አለቃ ስትወለድ አንጎሏ አየር አጥሮት ነበር። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ አሉት። እናቷ ስሙን ለመልመድ ጊዜ ፈጀባት፤ አሁን ግን እንደ መጥፎ ጎረቤት ስም በየቀኑ ትጠራዋለች። የልጅቷ ጭንቅላት ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ለሌላው ይተርፋል። ችግሩ ባቷ ላይ ነው። ጡንቻው ሁልጊዜ እንደተቆጣ ሰው ይኮማተርና ተረከዟን ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ያለ ድጋፍ ስትሄድ በጣቶቿ ጫፍ ነው፤ አንድ እጇም ከግድግዳ አይላቀቅም። ድጋፍ ስታደርግ ተረከዟ ወለል ይነካል። ተረከዟ ወለል ሲነካ ግድግዳውን ትለቃለች። ነገሩ ይኸው ነው።

አሮጌዎቹ ድጋፎች ጠበዋታል። አውራ ጣቷ ከጫፋቸው ወጥቶ አየር ላይ ነው የሚውለው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደግሞ የበሰለ ቲማቲም የመሰለ ቀይ ምልክት ወጥቷል። ጠዋት አድርጋቸው ትወጣለች፤ ገና የመጀመሪያው ትምህርት ሳያልቅ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታቸዋለች። ከዚያ በኋላ በጣቶቿ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ግድግዳ ላይ፣ በትከሻዋ ልክ፣ ከክፍሏ እስከ መጸዳጃው የሚደርስ የእጅ እድፍ መስመር አለ። ዘበኛው ባዩት ቁጥር «ይቺ ልጅ ቀለም ልታስቀባን ነው» ይላሉ። እስካሁን ማንም አልቀባም።

ታዲያ አዲሶቹን ለምን አይሰጧትም? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ርክክብ። በማዕከሉ ደንብ ድጋፍ ተሠርቶ ሲያልቅ ለልጁ አይሰጥም፤ ለቁም ሣጥኑ ይሰጣል። ከቁም ሣጥኑ ወደ ልጁ የሚሄደው በክብር እንግዳ እጅ፣ ካሜራ ባለበት፣ አበባ በተደረደረበት ነው። እንግዳው ደግሞ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው።

የአለቃ እናት ጸጉር ሠሪ ናት። ጸጉር ቤቷ ከማዕከሉ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማጠቢያ፣ አንድ ጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት ረጅም አግዳሚ። ኃላፊዋ ጸጉሯን የምትሠራው እዚህ ነው። ጸጉሯ ቶሎ ይሸብታል፤ የምትቀባውን ቀለም ደግሞ ከሦስት ዓይነት ቆንጥራ የምትቀምመው የአለቃ እናት ብቻ ናት። ከዚህም የተነሣ ርክክቡ መቼ እንደሆነ ከማዕከሉ ሠራተኞች ቀድማ ታውቃለች። ኃላፊዋ ቀለም ልትቀባ ከመጣች በዓሉ ነገ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ተቀብታ ሄደች። እንግዳው ከአገር ወጡ። ሁለተኛ ጊዜ ተቀብታ ሄደች። አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ስለነበር ሽታው እንግዳውን እንዳያሳምማቸው ተብሎ ተላለፈ። ሦስተኛ ጊዜ የመድረኩ ጨርቅ ታትሞ ሲመጣ የአምናው እንግዳ ስም ተጽፎበት ተገኘ።

በዚህ መሃል እናትየዋ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ልጇን አግዳሚው ላይ አስተኝታ እግሯን ትስባለች። ጉልበቷን በአንድ እጇ ትጫናለች፣ በሌላው መዳፏ ተረከዟን ታቅፍና እግሯን ወደ ልጅቷ አገጭ ትገፋለች። ድሮ ግድግዳና ወለል እንደሚገናኙት ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ ድረስ ይመጣላት ነበር። አሁን ከዚያ በፊት ይቆማል፤ እንደተዘጋ በር ነው የሚቆመው፣ ግፊት አይሰማም። እግር እየረዘመ ነው፤ ከባት ወደ ተረከዝ የሚወርደው ጅማት ግን አብሮት አይረዝምም። ዝም ከተባለ ያጥራል፤ አንዴ ካጠረ በእጅ መሳብ አይመልሰውም፤ ቢላዋ ነው የሚመልሰው። ይኼን የነገሯት የማዕከሉ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በሥዕል ጭምር ነው የነገሯት።

«ዛሬ ባቴ አኩርፏል» ትላለች አለቃ፣ ተጋድማ ጣሪያውን እያየች።

«ማንን ነው ያኮረፈው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ጠይቂው።»

አንድ ቀን እናትየዋ በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ ወርክሾፑ ገባች። ድጋፍ የሚሠራው ሰው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ አቧራ ነው፤ ልጆቹ ጋሽ ጀሶ ይሉታል። የልጆችን እግር በጀሶ ጠቅልሎ ቅርጹን ያወጣና ትኩስ ፕላስቲክ ያለብሰዋል። እጁ ጥሩ ነው፤ ወኔው ግን የለም። የልጅቷ እግር እያደገ መሆኑን ነገረችው። እሱም እንደሚያውቅ ነገራት። ለማደጊያ ትንሽ ትርፍ ትቶለታል፤ ግን ትንሽ ነው፤ ብዙ ቢተውለት ድጋፍ መሆኑ ይቀርና ባልዲ ይሆናል።

«ታዲያ ለኃላፊዋ ንገራቸዋ» አለችው።

«የኔ ሥራ እግር ነው እህቴ» አለ፣ ጀሶውን እያማሰለ። «አፍ አይደለም።»

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት እንደሆነ ጠየቀችው። ኪሱን በእጁ ሸፈነና እንደማያውቅ ነገራት።

ለአራተኛው ርክክብ ኃላፊዋ ልትቀባ መጣች። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ የጸጉሯን መከፈያ አየች። የጸጉሯ ሥር እንደገና ነጥቷል። ቀለሙ ውሸታም ነው ብላ ማማረር ጀመረች።

«ቀለሙ ምን አደረገ?» አለች የአለቃ እናት። «ያድጋል እኮ እትዬ። የእርስዎ ጸጉርም ያድጋል፤ የልጄም እግር ያድጋል።»

«ማደጓ ጥሩ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ደስ ይላል።»

እናትየዋ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ድጋፎቹን ለአንድ ቀን ብቻ ይስጧት፤ ልጅቷ ላይ ሞክራ፣ ጠርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትመልሳለች። ይኼንን በጣም በትሕትና ጠየቀች፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ደንበኞች እስኪያፍሩላት ድረስ በትሕትና።

«ይቧጨራል የኔ እናት» አለች ኃላፊዋ። «ካሜራ ጭረት ያወጣል። ደግሞ ሁሉም እናት እንደ አንቺ ቢቸኩል ማዕከሉ ምን ይሆናል? ትንሽ ትዕግሥት ነው የጎደለሽ።»

ትዕግሥት የጎደላት ሴት ቀለሙን እስከ መጨረሻው ቀባቻት፣ አጠበቻት፣ በቢጎዲን ጠቀለለቻት፣ ካስክ ውስጥ አስገባቻት። ኃላፊዋ ስትወጣ በጣም አምሮባት ነበር። እናትየዋ በሩን ዘግታ ማበጠሪያውን ሁለት ቦታ ሰበረችው። አለቃ ከአግዳሚው ላይ «እሱ ደህናው ነበር» አለቻት።

በማግስቱ እንግዳው እውነትም መጡ። ሽቷቸው ቀድሟቸው ገባ፣ ከዚያ አጃቢዎቻቸው፣ ከዚያ እሳቸው። የምን ኃላፊ እንደሆኑ የመድረክ መሪው ደጋግሞ ቢናገርም ስሙ ረጅም ስለነበር ማንም አልያዘውም። ልጆቹ መድረኩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። እናቶቹ ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ። ድጋፎቹ በትሪ ላይ፣ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎላቸው፣ እያንዳንዳቸው እንደ ሙሽራ መኪና ሪባን ታስረው መጡ። እንግዳው ስለ እርምጃ ንግግር አደረጉ። አገርም እንደ ሕፃን ነው፣ ደግፎ ማስኬድ ያስፈልጋል አሉ። ተጨበጨበ።

አለቃ ከሁሉም ፊት ነበረች፤ ጸጉሯን እናቷ ስለሠራቻት ለፎቶ ትሆናለች ተብላ። ለእንግዳው ጉልበት ትራስ ተነጠፈ። ተንበረከኩ። ሪባኑን ፈቱ። የልጅቷን እግር ይዘው ድጋፉ ውስጥ አስገቡ።

አልገባም።

ጣቶቿ ከጫፉ አልፈው ወጡ፤ ተረከዟ ደግሞ ከመቀመጫው ላይ ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀረ፤ በመሃሉ ጣት ያሳልፋል። እንግዳው ፈገግ እንዳሉ ገፉ። ካሜራው ብልጭ አለ። እንደገና ገፉ። ጋሽ ጀሶ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ ጣሪያውን ያያል፤ ጣሪያው ላይ ግን ምንም አልነበረም፣ አዲስ ቀለም ብቻ።

አለቃ አላለቀሰችም። ወደ እንግዳው ጎንበስ ብላ፣ ሚስጥር እንደምትነግር ሰው፣ ግን በድምፅ ማጉያው አጠገብ፣ «ይሄ የድሮ እግሬ ነው» አለቻቸው።

ኃላፊዋ በጥርሷ መሃል፣ ፈገግታዋን ሳታበላሽ፣ ማሰሪያው ብቻ ይታሰር፣ ከፊት ለፊት አይታይም ስትል ተሰማች። ያን ጊዜ ነው እናትየዋ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ የወጣችው። ማንም አላስቆማትም፤ ሰው ሁሉ የፕሮግራሙ አካል መስላው ነበር። መድረኩ ላይ ወጣች፣ ተንበረከከች፣ የልጇን እግር ከእንግዳው እጅ ቀስ ብላ ተቀበለች።

«ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች። «እንግዳ እስኪመጣ አትደግ ብለን ለእግሯ ነግረነው ነበር። አልሰማንም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የመድረክ መሪው ጸጥታ ስለማይወድ አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከትሎት አጨበጨበ። እንግዳው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግራ ተጋብተው «ማነው የለካት?» ብለው ጠየቁ። ኃላፊዋ ፈጥና የልኬት ስሕተት ነው አለች። ሁሉም ወደ ጋሽ ጀሶ ዞረ። ጋሽ ጀሶ ምራቁን ዋጠ። ስሕተቱንም አብሮ ዋጠው።

እናትየዋ ልጇን አንሥታ አዘለች፤ ድጋፎቹን ከነሪባናቸው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ወጣች። ከኋላዋ የሚቀጥለው ልጅ ስም ተጠራ።

በማግስቱ ጋሽ ጀሶ የአለቃን እግር በምርመራ አልጋው ላይ መረመረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋው፤ ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አሁን አዲስ ድጋፍ ቢሠራም ተረከዟ ውስጡ አይቀመጥም። መጀመሪያ እግሯ በጀሶ ታስሮ፣ በየሳምንቱ እየተፈታና ትንሽ ትንሽ እየቀና እንደገና እየታሰረ፣ ጅማቱ መላላት አለበት። ሳይዘገይ ከተጀመረ ቢላዋ ላያስፈልግ ይችላል። ግን ያለ ኃላፊዋ ትእዛዝ አንድ ጥቅል ጀሶ ማንሣት አይችልም። ኃላፊዋ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ትካተታለች ብላለች። የሚቀጥለው ዙር የሚቀጥለው እንግዳ ሲገኝ ነው።

እናትየዋ የልጇን ጫማ መልሳ አጠለቀችላት። ልጇን አዝላ መንገዱን ተሻገረች።

ወሩ ሳያልቅ ኃላፊዋ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። አንዳንድ ሰው ያፍራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጸጉሩ ይሸብታል። ከሰዓት በኋላ ለቴሌቪዥን ስለ ማዕከሉ ስኬት ልትናገር ቀጠሮ ነበራት፤ ቅምሙን ደግሞ ሌላ የሚያውቅ የለም። ከዚህም በላይ ይህች ሴት እንደማታስቀይማት እርግጠኛ ነበረች፤ ልጇ ማዕከሉ እጅ ላይ ናትና። «ያለፈው አለፈ» ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አለፈ እትዬ» አለች እናትየዋ። ፎጣውን አንገቷ ላይ አደረገችላት። ቀለሙን ቀመመች። ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ሥር በሥር፣ አንዲት ዘለላ ሳትዘል ቀባቻት። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ሄዳ አግዳሚው ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እጇንም አጣጠፈች።

ቀለሙ መያዝ ጀመረ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። ትንሽ ቆይታ የመታጠቢያው ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። እናትየዋ ደርሷል አለች፤ አልተነሣችም። ቀለሙ ማቃጠል ጀመረ። ኃላፊዋ ጭንቅላቷን መንካት ፈለገች፤ እጇን አነሣችና ለልብሷ አስባ መለሰችው።

«ውሃ የለም እንዴ?»

«ውሃማ አለ» አለች እናትየዋ። «ርክክቡ ነው የቀረው።»

«የምን ርክክብ?»

«ያለ ክብር እንግዳ እንዴት ይታጠባል? ይመጣሉ። ትንሽ ትዕግሥት ነው።»

ካስክ ውስጥ የነበረችው ደንበኛ እጇን ሰድዳ ማሽኑን ራሷ አጠፋችው። ጸጉሯ አልደረቀም፤ ግን ከጸጉር የሚበልጥ ነገር አለ። ኃላፊዋ በመስታወቱ ውስጥ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ካስኩን፣ አግዳሚውን፣ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችውን ልጅ። ስቃ ለማለፍ ሞከረች። ቀለሙ አላሳቃትም። ለቴሌቪዥን እንደምትቀርብ፣ መኪና እየመጣላት እንደሆነ፣ ቀለሙ ከቆየ ጸጉሯ እንደሚበጣጠስ ተናገረች።

«ይበጣጠሳል» አለች እናትየዋ። «ጸጉር ግን ያድጋል። የልጄ ጅማት አያድግም።» ከዚያ በዚያ ወንበር ላይ ስታከብራት ለኖረችው ሴት እንዲህ አለቻት፤ «ስልክሽን አውጪ። አንቺን ነው። ለጋሽ ጀሶ ደውዪ።»

ኃላፊዋን ከቀለሙ በላይ ያቃጠለቻት «አንቺ» የምትለዋ ቃል ሳትሆን አትቀርም። ደወለች። ጣቷ ስቶ ስልኩ ድምፁ ለሁሉም የሚሰማበት ላይ ሆነ፤ ወይም እናትየዋ ናት የነካችው። ጋሽ ጀሶ ከአንድ ጊዜ በላይ «እዚያው? ጸጉር ቤት?» ብሎ ጠየቀ። እዚያው ነው ተባለ። በየሳምንቱ ነው ተባለ። ድጋፉ ሲያልቅም ቁም ሣጥን ሳያይ ቀጥታ ለልጅቷ ነው፤ ይኼን እናትየዋ ቃል በቃል ነገረቻት፣ ኃላፊዋም ቃል በቃል ደገመችው።

ጋሽ ጀሶ ባልዲ ውሃና ጥቅል ጀሶ ይዞ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የኃላፊዋን ጭንቅላት አየና ምንም እንዳላየ ሆነ፤ በዚህ ብዙ ልምድ አለው። የልጅቷን እግር ጠቀለለ። እናትየዋ ጉልበቷን ይዛለታለች። «አሁን ትንሽ ያምሻል» ሲላት አለቃ «ንገረኝ እንጂ አታስፈራራኝ» አለችው። ጀሶው እስኪጠነክር ድረስ ኃላፊዋ በአፍንጫዋ ብቻ ትተነፍሳለች።

ጀሶው ሲጠነክር እናትየዋ ተነሥታ ጓንቷን አጠለቀች። በለብ ያለ ውሃ፣ በደንብ፣ ሥር በሥር አጠበቻት። ጸጉሩ አልተበጣጠሰም። ቀለሙ ብቻ ከመጠን በላይ ጠቆረ። በቴሌቪዥን ላይ ያያት ሁሉ ዊግ ያደረገች መስሎት ነበር ይባላል።

ከሳምንታት የጀሶ እስር በኋላ አዲሶቹ ድጋፎች መጡ። ጋሽ ጀሶ በፌስታል ይዟቸው መጥቶ፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው። አለቃ ራሷ አሰረቻቸው። ተነሣች፣ ግድግዳውን ይዛ እስከ ማጠቢያው ሄደች፣ ከማጠቢያው በኋላ ግድግዳ የለም፤ ለቀቀችው። ጫማዋ ወለሉ ላይ ይሰማል፤ ተረከዝ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ነው፣ በጣት ጫፍ የሚሄድ ሰው የለውም። እስከ በሩ ደርሳ የመጣችበትን መንገድ ዞራ አየችና «በሩን ክፈቱልኝ» ብላ አዘዘች።

መድረኩ ላይ አልገባ ያሉት ድጋፎች ከነሪባናቸው መስታወቱ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። አዲስ ደንበኛ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ አለቃ የድሮ እግሬ ነው ትላለች። ኃላፊዋ አሁንም ትመጣለች፤ ሌላ ቀማሚ አላገኘችም። ተራዋን አግዳሚው ላይ ትጠብቃለች፣ ከምስማሩ ትይዩ።

ቀኙ ተረከዝ ወለል ይነካል። ግራው ጥቂት ይቀረዋል፤ ጋሽ ጀሶ ከሥሩ ቀጭን መደገፊያ አስገብቶለታል፤ ለማያውቅ ሰው አይታይም። ያ ጥቂት ከማን እንደተወሰደ እናትየዋ ታውቃለች። ለማን እንደተሰጠም ታውቃለች። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ በነከረች ቁጥር ግራውን እግር ታያለች፤ ከዚያ ኃላፊዋን ታያለች፤ ከዚያ ሰዓቱን ታያለች።